ግማሽ ነጥብ

ሐዋሳ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ክፍል ቁጥር አሥር፣
ጠመኔዬን ይዤ ቆሜ ከሰሌዳው ሥር
«የትምህርት ሥነ ልቦና፣ መግቢያ» ብዬ ጻፍኩ፤
እንደ ዓመት ልማዴ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ስድሳ ሁለት ተማሪ፣ ስድሳ ሁለት የዓይን ጥንድ፤
አንዱ ብቻ ተኝቷል፣ ግንባሩን ጥሎ በክንድ።
ከመስኮቱ ማዶ ሁለት አባ ኮዳ፣
ለጥራት ቁጥጥር እንደመጣ እንግዳ፣
ራሰ በራቸውን ዘንበል አድርገው
ከጣራ ላይ ሆነው ያዩኛል ተግተው።

ስለ ትውስታ ነው የዛሬው ምዕራፍ።
ሁለት ሣጥን ሳልኩኝ በሰሌዳው ጫፍ፤
«ይህ የአጭር ጊዜ ነው፣ በሩ ጠባብ ቤት፣
ሰባት ነገር ገብቶ ስምንተኛው የሚወድቅበት።
ይህኛው የረጅም፤ ጎተራ ነው፣ ሰፊ፤
ያልደጋገሙት ቃል ከደጁ ነው አላፊ።
መርሳት ማለት» አልኩኝ «የጎተራው ቀዳዳ፣
ባለቤቱ ሳያውቅ የሚከፍለው ዕዳ።»
ሁሉም አቀርቅረው ቃሌን እንዳለ ቀዱት፤
ቀልዴን ጭምር ጽፈው ከሥሩ አሠመሩት።

የተኛው ልጅ ግን…
ቀረብ ስል ሸተተኝ፤ ሐይቅ፣ ሐይቅ ይላል።
መዳፉ ላይ የናይለን ገመድ ልክ ታትሟል፤
ከጥፍሩ ሥር ቅርፊት ብር መስሎ ያበራል።
ጠረጴዛውን መታሁት። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ።
ልጁ ብድግ አለ፤ እንቅልፉ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ስምህ?» «ጋቢሶ።» «አሁን ምን አልኩ?»
(በዚህችው ጥያቄ፣ ተማሪ ሳለሁ፣ ስንት ጊዜ አፈርኩ!
አፍሬም አልቀረሁ፤ ይኸው ለሰው አስተላለፍኩ።)

ዝም አለ። ሰሌዳውን፣ ሣጥኖቹን አየ፤
የጎተራው ቀዳዳ ላይ ዓይኑ ቆየ።
«መምህር» አለ፣ ቀስ ብሎ፣
«ሌሊት መረብ ላይ ነበርኩ፣ ከአጎቴ ጋር።
ቀዳዳ የሌለው መረብ፣ መረብ አይደለም፤ ጆንያ ነው።
ውኃውን ሁሉ ልያዝ ካለ
ጀልባዋን ይዞ ይሰጥማል እንጂ ዓሣ አያወጣም።
ትንሹ ቆሮሶ ያልፋል፤ ይለፍ፤
ከርሞ ሲተልቅ እናገኘዋለን።
ጥያቄው፣ ቀዳዳው ስንት ጣት ይሁን ነው።»

ማንም አልጻፈውም፤ ስድሳ አንድ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ፤
ከተማሪ አፍ ወጥቶ ለፈተና የመጣ ቃል መቼ ነበረ?
እኔም «ጥሩ፣ ተቀመጥ» ብዬ አለፍኩ።

ግን ያን ቀን ከሰዓት
በአሞራ ገደል በኩል ወደ ቤቴ ስሄድ፣
ቢላዎች አምባዛ ሲሰነጥቁ፣ ውሻና አባ ኮዳ ሆድቃ ሲሻሙ፣
ጥላ ሥር ተቀምጦ አንድ ሽማግሌ
መረብ ሲሠራ ቆሜ አየሁ፤
በሁለት ጣቱ እየለካ፣ እየቋጠረ።
ቀዳዳ የሚደፍን መስሎኝ ነበር፤
ለካ ቀዳዳ ነው የሚሠራው።

ሃያ ዓመት አስተማርኩ፤
ስለ ትኩረት፣ ስለ ተነሳሽነት፣ ስለ ሽልማትና ቅጣት፤
አንዱንም ልጅ ግን
«ሌሊቱን የት አደርክ?» ብዬ አልጠየቅኩም።

በጥር ፈተና መጣ፤ ተራ ቁጥር አራት፦
«መርሳትን ግለጽ» ይላል፣ ነጥቡ ሁለት።
ስድሳ አንዱ «ጎተራ» ብለው መለሱልኝ፤
የገዛ ድምፄን በስድሳ አንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አነበቡልኝ።
ጋቢሶ መረቡን ጻፈ። ፊደሉ ተንጋዷል፤
«ጣት» የሚለው ቃል ላይ እርጥብ እጅ ነክቶት ቀለሙ ፈስሷል።

የማረሚያ ቁልፌን ገለጥኩ፤
መረብ የሚል የለም። ደግሜ ፈለግኩ።
ቀይ እስክሪብቶዬ ከወረቀቱ በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፤
ከዚያ
ግማሽ ሰጠሁ።

ዛሬም በየመስከረሙ ሣጥኖቹን እስላለሁ፤
«ጎተራ» ስል ግን ምላሴን ትንሽ ይይዘኛል።
ከኋላ ወንበር የተኛ ካለ ጠረጴዛ አልመታም፤
አልፌው ሄጄ መስኮቱን እከፍታለሁ፣
የሐይቁ ነፋስ እስኪቀሰቅሰው እጠብቃለሁ።
የረሳሁት ብዙ ነው፤ የስድሳ አንዱን ስም፣
የዚያን ቀን ቀልዴን፣ የተሣለቁትን ፊቶች።
ያ ግማሽ ነጥብ ግን፣
ትንሽ ሆኖ ሳለ፣
ከመረቤ አላለፈም።